የማረጥ ዘመን ወላፈን፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት፦ ከየት ልጀምር?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሌሊት ልብስሽ በላብ ርሷል። ብርድ ልብሱን ገፍተሽ ጣልሽው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በርዶሽ መልሰሽ ሳብሽው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ነገ የሚጠብቅሽን ሥራ፣ የልጅሽን ነገር፣ የእናትሽን ሕመም ስታወጪ ስታወርጂ ይነጋል። ጠዋት ደግሞ "እንዴት አደርሽ" ያለሽን ሰው ሳይቀር መቆጣት ያምርሻል።

እኔም በዚህ ውስጥ አልፌያለሁ። 47 ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ ገና ስላልቆመ ማረጥ የሚለው ነገር ወደ ሐሳቤ አልመጣም። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደክሞኝ ነው እያልኩ አንድ ዓመት ሙሉ ቻልኩት። ያ ዓመት እስካሁን ይቆጨኛል። ያስቸገረኝ ነገር ስምም መላም ነበረዋ!

ይህን የምጽፈው አንቺም ያን ያህል እንዳትጠብቂ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪሞች የሰማሁትን፣ አንብቤ የተረዳሁትን፣ በራሴም ላይ ሞክሬ ያየሁትን ነው የማካፍልሽ። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። እኔ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ጀምሬ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ተውኩት።

1. የሚሆነውን ነገር እወቂው

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ስለዚህ ማረጥሽን በእርግጠኝነት የምታውቂው ካለፈ በኋላ ነው። አብዛኛው ሴት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያርጣል። መከራው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል። ቅድመ ማረጥ የሚባለው ይህ ጊዜ በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ለአንዳንዷ ያጥራል፣ ለሌላዋ ስምንት ዓመትና ከዚያም በላይ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቀስ እያለ በሥርዓት አይቀንስም። ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ወር ከወትሮው በላይ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ይወድቃል። አንድ ሳምንት ደህና ሆነሽ በሚቀጥለው ሌላ ሰው የምትሆኚው ለዚህ ነው። አብደሽ አይደለም።

ከደረት ተነስቶ ወደ አንገትና ፊት የሚወጣውን ድንገተኛ ሙቀት እዚህ ወላፈን እያልኩ ነው የምጠራው። እሳት አጠገብ የቆመ ሰው የሚሰማው ያው ነውና። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎላችን ክፍል የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል። ኢስትሮጅን ሲያንስ እዚያ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ይነቃሉ። ቀድሞ ሰውነትሽ ከቁም ነገር የማይቆጥረው ትንሽ የሙቀት ለውጥ አሁን እንደ ትልቅ ይታየዋል። ወዲያው በቆዳሽ ያሉትን ደም ስሮች ይከፍታል፣ ላብ ያጠምቅሻል፣ ልብሽ ይመታል። ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲያልፍ ብርድ ብርድ ይልሻል።

"ትንሽ ወር ነው፣ ያልፋል" የሚሉሽን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኚ። በአሜሪካ ስዋን በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቅ፣ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤቱ፣ ወላፈን ከሚደጋገምባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ ከ7 ዓመት በላይ ቆይቷል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሰባት ዓመት ጥርስ ነክሶ የሚታለፍ ጊዜ ስላልሆነ ነው።

2. ሁለት ሳምንት መዝግቢ

ደብተር ያዢ፤ ስልክሽም ይሆናል። በየቀኑ ማታ አራት ነገር ብቻ ጻፊ። ወላፈኑ ቀን ስንት ጊዜ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ መጣ? ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃሽ? ስሜትሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር? የወር አበባ ካለ የስንተኛው ቀን ነው? ከዚህ በላይ አታብዢው፣ ይሰለችሻል።

አጠገቡ ትንሽ ቦታ ተዪና ከመጥፎው ሌሊት በፊት የነበረውን ምሽት በአንድ መስመር አስፍሪ። የጠጣሽውን፣ የተነጋገርሽውን፣ የሠራሽውን። የእኔ ደብተር ያልጠበቅሁትን ነገር ነው ያሳየኝ። ክፉ የሆኑት ሌሊቶች አብዛኛዎቹ የመጡት አልጋ ላይ ሆኜ የሥራ መልእክት ካነበብኩባቸው ምሽቶች በኋላ ነበር። ቅመም የበዛበት ምግብ ነው ብዬ ስጠረጥር ነበር፤ እሱ ምንም አላደረገኝም። የአንቺ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከሰው የሰማሽውን የክልከላ ዝርዝር ከመያዝሽ በፊት ራስሽን ማየት ያለብሽ።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ራስሽን ጠይቂ፦ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ማጥፋት ብችል የትኛውን አጠፋለሁ? መልሱ የምትጀምሪበት ቦታ ነው። መልስ ካጣሽ ከእንቅልፍ ጀምሪ።

3. ሌላ ሕመም አለመሆኑን አረጋግጪ

በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ነገር ሁሉ ማረጥ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያበሳጫል። ከልክ በታች ሲሠራ ያደክማል፣ ያወፍራል፣ ድብርት ያመጣል። የወር አበባሽ ከበዛ ደም ማነስ ይኖርሻል፤ እሱም ድካምና የልብ ምት አለው። አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስልባሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመርመሪ፦ ታይሮይድ፣ የደም መጠን፣ የስኳር መጠን፣ የደም ግፊት።

የሆርሞን ምርመራ ግን ከ45 ዓመት በላይ ከሆንሽና ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሆርሞኑ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን ውጤት ብዙ አይነግርም። የወር አበባሽ ከ45 ዓመት በፊት መዘበራረቅ ከጀመረ፣ በተለይ ከ40 በፊት ከሆነ፣ ነገሩ ይለያል። ቀድሞ ማረጥ ለአጥንትም ለልብም ጉዳት ስላለው ሳትዘገዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

እርግዝናም አይረሳ። የወር አበባ ሲቀር ሁሉም ሰው አረጥኩ ይላል እንጂ ቅድመ ማረጥ ላይ ያለች ሴት ልታረግዝ ትችላለች። የተለመደው ምክር ከ50 ዓመት በላይ ከሆንሽ ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ አንድ ዓመት፣ ከ50 በታች ከሆንሽ ሁለት ዓመት መከላከያ እንድትቀጥዪ ነው።

4. እንቅልፍሽን አስመልሺ

እንቅልፍ ያጣ ሰው ወላፈኑም ይብስበታል፣ ጭንቀቱም ይብስበታል፣ ትዕግሥቱም ያልቃል። እንቅልፌ በተሻለ ሳምንት ሌላው ሁሉ በግማሽ ቀለለኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጪው።

የመነሻ ሰዓትሽን አንድ አድርጊ። ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ ጠዋት በዚያው ሰዓት ተነሺ፣ በእረፍት ቀንም ጭምር። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ሰውነት ግን ቀኑን የሚቆጥረው ከተነሳሽበት ሰዓት ነው። ስትነሺ መስኮት ክፈቺ፣ ብርሃን ይንካሽ።

አልጋ ለእንቅልፍና ለፍቅር ብቻ ይሁን። ስልክ፣ ሒሳብ፣ የሥራ ወረቀት ከአልጋ ይውጡ። ነቅተሽ 20 ደቂቃ ገደማ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ተነሺ። ሰዓት አትይ፣ በግምት ይበቃል። በደብዛዛ መብራት አሰልቺ ነገር አንብቢ ወይም ልብስ አጣጥፊ። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እኔ ያመንኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። አልጋ ላይ እየተገላበጡ መጨነቅ አልጋውን ራሱን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል።

ቡና ከወደድሽ ተዪው አልልሽም። ግን ካፌይን ከጠጣሽው ከአምስትና ስድስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ደምሽ ውስጥ ነው። ከቀትር በኋላ አቁሚና ለሁለት ሳምንት እዪው። መጠጥ ደግሞ ያስተኛል እንጂ አያሳድርም፤ ሌሊቱን ይሰባብረዋል፣ ላቡንም ያባብሳል።

ክፍሉን አቀዝቅዢ፤ 18 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰው ይመቻል። ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ደርቢ። የጥጥ ልብስ ልበሺ። ቅያሪ ልብስና ውኃ አጠገብሽ ይደር፤ ላብ ካጠመቀሽ መብራት ሳታበሪ ቀይረሽ ትተኛለሽ። ከባልሽ ጋር አልጋ የምትጋሪ ከሆነ ለየራሳችሁ ብርድ ልብስ ያዙ። ይህች ትንሽ ነገር የብዙ ሌሊት ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ማንኮራፋት ከጀመርሽ ወይም ትንፋሽ ተቆራርጦብሽ ከነቃሽ ለሐኪም ንገሪ። በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ከማረጥ በኋላ ይበዛል፤ ሴቶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህን ሁሉ አድርገሽ እንቅልፍ ከሦስት ወር በላይ እምቢ ካለ፣ ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና አለ። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት የሚመከረው እሱ ነው።

5. ወላፈኑ ሲነሳ

ሲመጣ ከላይ የደረብሽውን አውልቂ፣ አንገትሽንና የእጅ አንጓሽን በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቢ፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ለዚያች ሰዓት ያሳርፍሻል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር ማስረጃውን መርምሮ ማቀዝቀዝም፣ የትንፋሽ ልምምድም፣ ስፖርትም የወላፈኑን ቁጥር እንደሚቀንሱ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ለሌላ ነገር ይጠቅማሉ። ስለዚህ "ስፖርት እየሠራሁ ለምን አልተወኝም" ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ያው መግለጫ ከሚደግፋቸው መካከል የክብደት መቀነስ (ከልክ በላይ ክብደት ላላት)፣ በባለሙያ የሚሰጥ ሂፕኖሲስ (በንግግር እየተመራሽ ወደ ጥልቅ ዕረፍትና ትኩረት የምትገቢበት ሕክምና) እና የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው (ሐሳብንና ልማድን በንግግር የሚለውጥ) ይገኛሉ። በዚህኛው ብዙ የሠራችው ማይራ ሃንተር የምትባል በለንደን የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እሷ የተሳተፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ያሳየው በይበልጥ የቀነሰው የወላፈኑ ቁጥር ሳይሆን ሴቶቹን የሚያስቸግርበት መጠን መሆኑን ነው።

ዋናው ሐሳቡን በራስሽም መጀመር ትችያለሽ። ወላፈኑ ሲነሳ ወደ አእምሮሽ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ያዢው። የእኔ "ሁሉም ፊቴን እያየ ነው፣ አለቀልኝ" የሚል ነበር። ስብሰባ ላይ እንዲህ ባልኩ ቁጥር ላቡ ይበረታል። ከዚያ በሚታመን ዓረፍተ ነገር ተካሁት፦ "ሞቀኝ። ሦስት ደቂቃ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያየው የራሱን ወረቀት ነው።" አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠችውን የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኋት። ምንም አላስተዋለችም።

ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ለማቆም ተጨማሪ ምክንያት ይኸው፦ አጫሾች አንድ ሁለት ዓመት ቀድመው ያርጣሉ፣ ወላፈኑም ይበዛባቸዋል።

ስለ ዕፅዋት እንክብሎች ደግሞ ጓደኞቼ አዘውትረው ይጠይቁኛል። ብላክ ኮሆሽ፣ አኩሪ አተር፣ ሌላም ሌላም። እኔም ገንዘብ አውጥቼባቸዋለሁ። ማስረጃቸው ደካማ ነው። ብላክ ኮሆሽ አልፎ አልፎ ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዟል። ከተክል ስለተሠራ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪምሽ አሳዪ።

6. ጭንቀቱን ለሁለት ክፈዪው

ጭንቀትሽ ሁሉ ከሆርሞን ነው የሚልሽ ሰው ተሳስቷል። ምንም ከሆርሞን አይደለም የሚልሽም እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ ልጆች ገና ይፈልጉናል፣ ወላጆች ይታመማሉ፣ በሥራ ላይ ደግሞ ኃላፊነት የሚከብድበት ጊዜ ነው። ያ ሸክም እንጂ ሕመም አይደለም። መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው፤ ሸክም በእንክብል አይቀልም፣ የሆርሞን ነገርም በመታገስ አይስተካከልም።

ለሸክሙ አንድ ወረቀት ውሰጂ። በሳምንቱ ውስጥ የምትሸከሚውን ሁሉ ጻፊ። የምትሠሪውን ብቻ ሳይሆን የምታስታውሺውንም ጭምር። መድኃኒት የሚያልቅበትን ቀን፣ የልደት ቀን፣ ያልተከፈለውን ክፍያ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ። ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ ምልክት አድርጊ፦ እኔ ብቻ የምችለው፣ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለው፣ ባይሠራም ዓለም የማይፈርስበት። የእኔ ወረቀት ላይ በሦስተኛው ምድብ ሰባት ነገር ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

በዚህ ሳምንት አንዱን ብቻ ስጪ። ስትሰጪ ደግሞ "እርዱኝ እንጂ" አትበዪ፤ እሱን ማንም አይሰማም። "ከዛሬ ጀምሮ የእማዬን የሐኪም ቀጠሮ አንተ ነህ የምትይዘው፣ የምታስታውሰውም አንተ ነህ" በዪ። ሲሳሳት መልሰሽ አትውሰጂው። ይህ ነው ከባዱ ክፍል። እኔ ሁለት ጊዜ መልሼ ወስጄዋለሁ፤ በሦስተኛው አፌን ያዝኩ።

ለሰውነትሽ ደግሞ ይህን ሞክሪ። በአፍንጫሽ አራት እስክትቆጥሪ አየር አስገቢ፣ ስድስት እስክትቆጥሪ አስወጪ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ረጅሙ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል። ሲጨንቅሽ ብቻ ሳይሆን ደህና ስትሆኚም በየቀኑ በአንድ ሰዓት አድርጊው፤ ያልተለማመድሽው ነገር በጭንቅ ሰዓት አይመጣልሽም። የእግር ጉዞም ስሜትንና እንቅልፍን ያግዛል።

ሌሊት የሚመጣውን ሐሳብ ቀን ቀጠሮ ስጪው። ከራት በፊት 15 ደቂቃ ተቀመጪና የሚያስጨንቅሽን ጻፊ። ልታደርጊበት የምትችዪው ነገር ካለ ቀጣዩን አንድ እርምጃ አጠገቡ አስፍሪ። ከሌለ "አሁን በእጄ አይደለም" ብለሽ ጻፊ። ሌሊት ሲመለስ "ነገ በ11 ሰዓት ቀጠሮ አለህ" ትዪዋለሽ።

ቁጣውስ? ብዙ ሴት የሚያሳፍራት ይህ ነው። ልጅሽ ላይ ጮኸሽ በር ዘግተሽ ማልቀስ። ለቤትሽ ሰዎች ደህና ስትሆኚ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ "ሰውነቴ እየተለወጠ ነው። አንዳንዴ ቶሎ እቆጣለሁ። አሥር ደቂቃ ስጡኝ ካልኩ ተዉኝ፣ እመለሳለሁ።" ከዚያ በእርግጥ ተመለሺ። ከጮኽሽም ይቅርታ ጠይቂ፤ ግን ራስሽን ለሳምንት አትቅጪ።

መርሳቱም ያስደነግጣል። ቃል ከአፍ ይጠፋል፣ ለምን ወደ ክፍሉ እንደገባሽ ትረሻለሽ። በቅድመ ማረጥ ጊዜ የማስታወስ ችሎታ ትንሽ መድከሙ በጥናት ታይቷል፣ ለአብዛኛዋም በኋላ ይሻሻላል። የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ብለሽ አትሸበሪ። ጻፊ፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሥሪ።

ነገር ግን ሆድሽን ባር ባር ማለቱ ካልተወሽ፣ ድብርቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ከደበዘዘ፣ ይህ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። በቅድመ ማረጥ ጊዜ ይጨምራል፤ በተለይ ቀደም ሲል ወይም ከወሊድ በኋላ ድባቴ ይዞሽ ከነበረ። ይታከማል። መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ቀን ለሰው ንገሪ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂጂ። እህቴ፣ ይህን ለነገ አታሳድሪው።

7. ከሐኪም ጋር ቁም ነገር ተነጋገሪ

የመጀመሪያዋ ያየችኝ ሐኪም "ዕድሜ ነው፣ ቻዪው" ብላ ሸኘችኝ። ደብተሬን ይዤ ሌላ ዘንድ ስሄድ ውይይቱ ተለየ። አንቺም ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። "ደክሞኛል" ከማለት ይልቅ "ሌሊት አራት ጊዜ በላብ እነቃለሁ፣ ሥራዬን እየጎዳው ነው፣ ምን ዓይነት ሕክምና አለ?" በዪ።

ወላፈንንና የሌሊት ላብን ከምንም በላይ የሚቀንሰው የሆርሞን ሕክምና ነው። ስሙ ሲጠራ ብዙዎች ይፈራሉ። ፍርሃቱ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይካሄድ የነበረ ትልቅ ጥናት አንዱ ክፍል ጊዜው ሳይደርስ ቆመ፤ ሁለት ሆርሞን አንድ ላይ የወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋትና ስትሮክ ትንሽ ጨምሮ ታየ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፣ ሚሊዮኖች መድኃኒቱን ጣሉ። ብዙ ያልተነገረው የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 መሆኑ ነው። ውጤቱ በዕድሜ ተለይቶ እንደገና ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት ወላፈኑ ካስቸገራት ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ሐኪሞች ተስማሙ።

ማወቅ ያለብሽ ጥቂት ነገር አለ። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ የለባትም፤ የማህፀን ካንሰር ሊያመጣ ይችላልና ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ወይም መሰሉ አብሮ ይሰጣል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ኢስትሮጅን ደም የማርጋት አደጋው ከሚዋጠው ያነሰ ነው። ሁለቱ አብረው ለዓመታት ሲወሰዱ የጡት ካንሰር ዕድል በትንሹ ይጨምራል፤ በየዓመቱ ከሐኪምሽ ጋር መልሳችሁ እዩት። የጡት ካንሰር ይዞሽ ከነበረ፣ ደም ረግቶብሽ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም መትቶሽ ከነበረ፣ የጉበት ሕመም ካለብሽ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መፍሰስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ይህ ሕክምና እርግዝናን እንደማይከላከልም አትርሺ።

ሆርሞን የማይሆንሽ ወይም የማትፈልጊ ከሆነ ባዶ እጅሽን አትመለሺም። ለድባቴ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን ወላፈኑን ይቀንሳሉ፤ ከእነሱ አንዱን፣ ፓሮክሰቲንን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚሁ አጽድቆታል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፈን የምትወስጂ ከሆነ ግን ፓሮክሰቲን ሥራውን ስለሚያዳክመው አስቀድመሽ ተናገሪ። ጋባፔንቲን የሚባል ሌላ መድኃኒት በተለይ ለሌሊቱ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ፌዞሊኔታንት የሚባል አዲስ መድኃኒት ጸድቋል። ሆርሞን አይደለም፤ በሃይፖታላመስ ያሉትን ከልክ በላይ የነቁ ሕዋሳት መልእክት ይገታል። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ግን የደም ምርመራ ክትትል አለው። በየአገሩ ሁሉም ላይገኝ ይችላል፤ የትኛው እንዳለ ጠይቂ።

የሰው እንክብል ተውሰሽ አትጀምሪ፣ የጀመርሽውንም በራስሽ ባንድ ጊዜ አታቁሚ። የጀመርሽው ሕክምና ውጤቱ እስኪለይ ሦስት ወር ገደማ ስጪው።

8. በሹክሹክታ እንኳ የማይነገረው

የብልት ድርቀት፣ ማሳከክ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ማለት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መመላለስ። የእነዚህም ሥሩ ያው የኢስትሮጅን ማነስ ነው። ወላፈኑ ከዓመታት በኋላ ይበርዳል፤ ይህኛው ግን ካልታከመ ብዙ ጊዜ እየባሰ ይሄዳል። እናቶቻችን ዝም ብለው ነው ያለፉት። እኛ ዝም ማለት የለብንም።

ለግንኙነት ጊዜ ማለስለሻ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚደረግ የብልት ማርጠቢያ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ይገኛል። ካልበቃ በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ ኢስትሮጅን አለ። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፣ የሚመላለሰውንም ኢንፌክሽን ይቀንሳል። ሽቶ ባለው ሳሙና መታጠብ አቁሚ፤ ያደርቃል። ለባልሽም ንገሪው። ሲያምሽ ዝም ካልሽ እሱ እንደጠላሽው ያስባል፣ አንቺም ትሸሺያለሽ።

ሲስሉና ሲስቁ ሽንት ለሚያመልጣት ደግሞ የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ አለ። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጨብጠሽ ጥቂት ሰከንድ ቆይተሽ ልቀቂ። 8 ጊዜ ያህል፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ትንፋሽ አትያዢ።

9. አጥንትሽ አይጮህምና አንቺ አስቢለት

ካረጥሽ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ እስኪሰበር ድረስ አያምም። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት የሚያነሳ ልምምድ ሥሪ፤ ከወንበር ተቀምጦ መነሳት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ማንሳትም ጅማሬ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጨምሪበት። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት ብዙ ጊዜ የሚመከረው ካልሲየም ከምግብ ጋር ተደምሮ በቀን 1200 ሚሊግራም ነው። ቫይታሚን ዲ ስለሚያስፈልግሽ መጠን ሐኪምሽን ጠይቂ።

10. ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች

ካረጥሽ በኋላ፣ ማለትም 12 ወር ካለፈ በኋላ፣ አንዲት ጠብታ ደም እንኳ ከታየች ተመርመሪ። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው፣ ቶሎ ሲገኝ ደግሞ በደንብ ይታከማል። ከማረጥ በፊትም የወር አበባው በየሰዓቱ ፓድ የሚያስቀይር ከሆነ አትጠብቂ። የሌሊት ላቡ ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከዕጢ እብጠት ጋር ከመጣ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ደረት ላይ ጭነት፣ የትንፋሽ እጥረት፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም ካለ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

11. ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ክፈቺ

ያንኑ የሁለት ሳምንት ምዝገባ ድገሚና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዪው። ለውጡ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ያለ ደብተር አታዪውም። ያልተለወጠውን ለይተሽ ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ፤ መጠን ይስተካከላል፣ ዓይነት ይቀየራል።

እኔ ደብተሬን ስከፍት ሌሊት አራት ጊዜ የነበረው አንድ ጊዜ ሆኖ ነበር። የስሜቴ ቁጥር ከ3 ወደ 6 ወጥቷል። ድርቀቱን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ደብተሩ ላይም አልጻፍኩትም። የዚያን ቀን ጻፍኩት። ቀጣዩን ቀጠሮ የያዝኩት ለእሱ ነው።